ሁለት ስንዝር

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017

አባታችን የሞተው በኪንታሮት ነው።

ጠየቅሽ፣ መለስኩ። ሰላምታው ከመልሱ በኋላ ይምጣ፤ አሰላሙ አለይኪ፣ ዱንዬ። ደብዳቤሽ ሦስት ሳምንት ሳይመለስ ተቀምጦብኛል፣ አውፍ በይኝ። ኮምፒዩተሩ የሱቁ ነው፤ ካሴት ሲገለበጥበት ሌላ ነገር ከነካሁበት ድምፁን ይቆራርጠዋል። ዛሬ ደንበኛ የለም።

ዕድሜውን ጠይቀሽ ነበር። አርባ ሰባት። እኔ አሁን ሃምሳ ሁለት ነኝ፤ አባቴን በአምስት ዓመት እበልጠዋለሁ ማለት ነው። ይሄን ያሰብኩት አንቺ ስትጠይቂ ነው። ከሞተ ሠላሳ ሦስት ዓመት ስላለፈው አባት ዛሬ ምን አስጠየቀሽ? ይሄን አልጻፍሽልኝም።

ሱቁ እንዳለ ነው። ታይዋን ገበያ ውስጥ በግራም በቀኝም ሞባይል የሚሸጡ፣ መሃል ላይ እኔ፣ አሮጌ ካሴት ወደ ፍላሽ የምገለብጥ። ጎረቤቴ ዴቃ፣ የሞባይል ሽፋን የምትሸጠው፣ «ሙስአብ፣ ያንተ ደንበኞች ሙታን ናቸው» ትለኛለች። ውሸት አይደለም። የሚያመጡልኝ የሟች ድምፅ ነው። ሠርግ ላይ የዘፈነች አክስት፣ ከጅዳ በካሴት ሰላምታ የላከ ወንድም። ያኔ ደብዳቤ የሚላከው በድምፅ ነበር፤ ትንሽ ብትሆኚም ታስታውሻለሽ።

ስለ ኮርሱ ደስ ብሎኛል። ሃያ ዓመት ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ስትመረምሪ ኖረሽ፣ በአርባ አምስት ዓመትሽ ደግሞ ተማሪ። በሰው ሰውነት ውስጥ፣ ክር ላይ እየሄደ የተበላሸ ፊደል የሚፈልግ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የሥራ ጥያቄ ነው። እንዴት ነው የሚያገኘው? ክሩ ረጅም ከሆነ፣ የተበላሸው ደግሞ አንድ ፊደል ብቻ ከሆነ፣ ሁሉን እየሰማ ሊሄድ አይችልም። እኔ ባለ ዘጠና ደቂቃውን ካሴት ሁሉ ቁጭ ብዬ ብሰማ ሱቁን ድሮ በዘጋሁት።

ሃዎ ሰላም ብላሻለች። ባለቤቴ ከእኔ ይልቅ ያንቺን ድምፅ ታውቃለች፤ በስልክ ደከም ብላለች አለችኝ። እኔ በስልክ የምሰማው «ደህና ነኝ» እና «አልሐምዱሊላህ» ነው። ለዚህ ነው ጻፊ የምልሽ።

ሙስአብ


ትሮንድሄይም፣ ኖርዌይ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017

ወአለይኩም ሰላም፣ ወንድሜ።

ድምፄ የደከመው ብርድ ይዞኝ ነው። ፈቃድ ላይ ነኝ፣ ስለዚህ ለመጻፍ ጊዜ አለኝ።

ጥያቄህን ወስጄ የምታስተምረኝን ሴት ጠየቅኋት። «ወንድምሽ ሥራው ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ታዲያ እሱ ያስረዳን እንጂ» ብላ ሳቀች። ያለችኝ ይሄ ነው።

በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያለው ክር ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ይሆናል። በላዩ ላይ ስድስት ቢሊዮን ጥንድ ፊደል አለ፤ ዓይነታቸው ግን አራት ብቻ ነው። ፊደሎቹ ይበላሻሉ። ትንፋሽ ያበላሻቸዋል፣ ምግብ ያበላሻቸዋል፤ መኖር ራሱ ያበላሻቸዋል። በአንድ ሕዋስ፣ በአንድ ቀን፣ ከአሥር ሺህ በላይ። በጣም የሚያስቸግረው ጂ የምንለው ፊደል ሲዝግ ነው። ዝገት ያልኩት ለማስመሰል አይደለም፤ ብረትን የሚያዝገው ያው ኦክሲጅን ነው። በደህናው ጂ እና በዛገው መካከል ያለው ዋና ልዩነት አንዲት የኦክሲጅን አተም ናት።

ኢንዛይሙ አያነብም። እኔን ያስገረመኝ ይሄ ነው። ክሩን ይይዝና ይንሸራተትበታል። ወዲያ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይለቃል፣ ዘሎ ሌላ ቦታ ይይዛል። እየሄደ ክሩን ይጫነዋል፣ ጎበጥ ያደርገዋል። ደህናው ፊደል ፊት ለፊቱ ካለው ጓደኛው ጋር ጠብቆ ስለተያያዘ ብዙ አይነቃነቅም። የላላው ግን ሲጫኑት ከመስመሩ ይወጣል። ኢንዛይሙ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ኪስ አለችው። የወጣው ፊደል ለኪሷ ልክ ከሆነ ይቆርጠዋል። ልክ ካልሆነ ወደ ቦታው ይመልሰውና ይሄዳል።

አሁን ያንተ ተራ። አባና እማ የወንድማማች ልጆች ነበሩ ወይስ የወንድምና የእህት? ለኮርሱ የቤተሰብ ሐረግ ሠርታችሁ አምጡ ተብለናል። አንተስ፣ ሆድህ እንዴት ነው? እውነቱን ጻፍ።

ዱኒያ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017

ጣት ነው፣ ዱንዬ! የነገርሽኝ ነገር የጣት ሥራ ነው።

እኔም እኮ አልሰማም። ካሴቱን እፈታና ክሩን በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መሃል አድርጌ በሌላው እጄ በቢክ እስክሪብቶ አዞረዋለሁ። ደህናው እንደ ውሃ ያልፋል። የተጨማደደው ወይም የተለጠጠው ጋ ሲደርስ ጣቴ ይነግረኛል። ግን ጫን ማለት አለብሽ። ካልጫንሽው ሁሉም ደህና ይመስላል። ይሄን ለማንም አስረድቼ አላውቅም ነበር፤ ሲጠይቁኝ «ልምድ ነው» እል ነበር።

ደብዳቤሽን ለዴቃ አነበብኩላት። «አቦ ሙስአብ፣ እኔ ውስጥ እንዳንተ ያለ ካሴት ጠጋኝ አለ ነው የምትለኝ?» አለች።

«በእያንዳንዱ ሕዋስሽ።»

«ታዲያ ይሄን ጉልበቴን ለምን አይጠግንልኝም?»

«እሱም የድሬ ልጅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ አይሠራም» አልኳት።

ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ቆርጦ ካወጣው በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደነበረ በምን ያውቃል? እኔ ቆርጬ የጣልኩት ድምፅ ሄደ ነው። ጫፍና ጫፉን በስኮች አገናኛለሁ፤ ዘፈኑ አንዴ ይዘላል፣ ሰው ይለምደዋል። የእሱም ይዘላል? የሚዘል ከሆነ በቀን አሥር ሺህ ጊዜ እየዘለልን እንዴት ነው የምንቆመው?

አባና እማ የሁለት ወንድማማች ልጆች ናቸው። አንድ አያት፣ አንድ ግቢ።

ሆዴ ደህና ነው። እውነቱን ጻፍ ስላልሽኝ፣ ትንሽ ኪንታሮት አለችብኝ፤ የአባ ውርስ። አልፎ አልፎ ደም አያለሁ። ቀፊራ ገበያ አንድ ቅባት የሚሸጥ ሰውዬ አለ፣ ሁለት ብልቃጥ ጨረስኩ። «ካቃጠለህ ሠራ ማለት ነው» ይላል። ያቃጥላል። ለሃዎ እንዳትነግሪ።

ሙስአብ


ትሮንድሄይም፣ ኅዳር 22 ቀን 2017

ቅባቱን ጣለው።

ዋሽቼሃለሁ፣ ሙስአብ። ኮርስ የለም። የምታስተምረኝ ሴት ሐኪሜ ናት። መስከረም 8 ቀን ከትልቁ አንጀቴ ግማሹን ቆርጠው አወጡት። ካንሰር ነው። ወደ ሌላ ቦታ ሳይሄድ ደርሰንበታል ይላሉ። አላህ ያውቃል፣ እኔ አምኛቸዋለሁ።

እኔም ከመታየቴ በፊት ለራሴ «ኪንታሮት ነው» እያልኩ አንድ ዓመት ተኩል ተቀምጫለሁ። ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራዋ ሴትዮ። ከታች ለሚደማ ሁሉ አንድ ቃል አለን፤ ቃሉ ካለ ደግሞ ሐኪም አያስፈልግም።

የጠየቅኸኝን ልመልስ፤ መልሱ እኛን ይነካል። ያንተ ካሴት አንድ ክር ነው። ይሄኛው ሁለት ነው፣ ፊት ለፊት የተያያዙ። ኤ ከቲ ጋር፣ ጂ ከሲ ጋር። አንዱ ላይ ያለው ሲቆረጥ ፊት ለፊቱ ያለው ማን እንደነበረ ይናገራል። ጎዶሎው በእሱ ምስክርነት ይሞላል። ስለዚህ አይዘልም።

የዛገው ጂ ግን ተንኮል አለው። ሳይወጣ ቆይቶ ክሩ የሚገለበጥበት ጊዜ ከደረሰ፣ ሲ የሚባለውን ትቶ ኤ የሚባለውን ይይዛል። ያ ኤ ምንም አልሆነም፤ አዲስ ነው፣ ንጹሕ ነው። ግን ቦታው አይደለም። ይሄን የሚያገኝ ሌላ ኢንዛይም አለ። የእሱ ሥራ የተበላሸውን ማውጣት አይደለም። ከተበላሸው ፊት ለፊት የተቀመጠውን ደህናውን ነው የሚያወጣው። ሐኪሜ መጀመሪያ ስትነግረኝ «ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» ብያት ነበር። ካላወጣው ግን ክሩ ሁለተኛ ጊዜ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ክሮች አንድ ዓይነት ውሸት ይመሰክራሉ። ስህተት እንደነበረ የሚያውቅ አይኖርም።

እኔ ላይ የማይሠራው ይሄ ሁለተኛው ኢንዛይም ነው። የሚሠራበትን መመሪያ ሁለት ቅጂ እንወርሳለን፤ አንድ ከአባት፣ አንድ ከእናት። አንዱ ደህና ከሆነ ይበቃል። የእኔ ሁለቱም የተሰበሩ ናቸው። አንድ አያት፣ አንድ ግቢ ያልከው ይሄን አደረገ።

እንግዲህ አባ የሞተው እውነት በኪንታሮት ከሆነ፣ አንተ እንደኔ የመሆን ዕድልህ ከአራት አንድ ነው። አባ የሞተው በዚህ ከሆነ፣ የእሱም ሁለቱም ቅጂ ተሰብሮ ነበር ማለት ነው፤ ያንተ ዕድል ከሁለት አንድ ይሆናል። ለዚህ ነው ስለ አባ የጠየቅኩህ። ከአራት አንድም ቢሆን ግን የሚደማ ሰው ይታያል። ሐረር አንጀት በካሜራ የሚያይ ሐኪም እንዳለ አጣርቻለሁ። ሂድ።

ዱኒያ


ድሬዳዋ፣ ጥር 9 ቀን 2017

ከአንድ ወር በላይ ዝም አልኩሽ። ግማሽ አንጀት ቆርጠውሽ «ብርድ ይዞኝ ነው» ከምትይ እህት ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ አላውቅም። ሃዎ አልቅሳ አልቅሳ ስትጨርስ «አንተስ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። አየሽ፣ ያንድ ቤት ልጆች ነን።

ሐረር አልሄድኩም። ምክንያቱን ልንገርሽ። አባ በምን እንደሞተ የምናውቀው ከሰፈር ወሬ አይደለም፤ ከራሱ አፍ ነው። ካሴቱ እኔ ጋ አለ። ጅቡቲ ታክሞ በተመለሰ በወሩ፣ 1983 ላይ፣ እዚያው ጅቡቲ ለሚኖረው ለአጎታችን ለአብዲቃድር የላከው ድምፅ። ቀልድ ሲሆን በሶማልኛ፣ ሐኪምና መንግሥት ሲሆን በአማርኛ፣ እንደ ልማዱ። አንደኛው ገጽ፣ አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሐኪሙ አየኝና ኪንታሮት ነው።» ትንፋሽ ይወስዳል፣ ከዚያ ስለ ባቡሩ መዘግየት ያወራል። ለአንቺ ስል አምስት ጊዜ ሰማሁት።

ስለዚህ ከአራት አንድ። ከዚያ በባሰ ዕድል በየቀኑ ባጃጅ እሳፈራለሁ።

ቅባቱን ትቻለሁ። ይሄን ለአንቺ ስል ነው።

ሙስአብ


ድሬዳዋ፣ ጥር 21 ቀን 2017

አዎ። ተቆርጦ ያውቃል።

አንድ መስመር ጽፈሽ ላክሽ፤ «ያ ካሴት ተበላሽቶ አንተ ጠግነኸው ታውቃለህ?» ብለሽ። እንደዚያ ያለ ደብዳቤ አይላክም፣ ዱንዬ። አሥራ አንድ ቀን አብሬው ዋልኩ።

የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነው። አባ ከሞተ በኋላ አብዲቃድር ካሴቱን «ለልጆቹ ይሁን» ብሎ ይዞት መጣ። እማ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ትሰማው ነበር። አንቺ ትምህርት ቤት ነሽ፤ እኔም ያኔ ገና አልሰማሁትም ነበር። አንድ ቀን ቴፑ ክሩን በላው። እኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ከቴፑ ጎማ ሥር ጎትቼ ሳወጣው ሁለት ስንዝር ያህል እንደ ደረቀ ቅጠል ተጨማዶ ነበር። በምላጭ ቆረጥኩት፣ በስኮች አገናኘሁት። እማ ሰማችና «ምንም አልሆነም» አለች፤ ግንባሬን ሳመችኝ። ጠጋኝ የሆንኩት ያን ቀን ነው።

ሁለት ስንዝር ስምንት ሰኮንድ ነው።

ትናንት ካሴቱን ፈትቼ ጣቴን አስኬድኩበት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ነክቼው አላውቅም ነበር። ስኮቹ ያለው «ሐኪሙ አየኝና» ከሚለው ቀጥሎ ነው፣ «ኪንታሮት ነው» ከሚለው በፊት። አይዘልም። አንድ ትንፋሽ ነው የሚመስለው። ዛሬ ያንን ያህል ጥሩ አድርጌ መቁረጥ እችል እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ ካሴት ለዘመድ ሁሉ ገልብጬ ሰጥቻለሁ። ስድስት ቅጂ። ስድስቱም ኪንታሮት ይላሉ።

የቆረጥኩትን የዚያኑ ቀን ጥዬዋለሁ።

ሙስአብ


ትሮንድሄይም፣ ጥር 22 ቀን 2017

አንተ ከመቁረጥህ በፊት የተገለበጠ ፈልግ። አብዲቃድር ካሴት ለራሱ ሳያስቀር ለሰው የሚሰጥ ሰው አልነበረም።

ዱኒያ


ድሬዳዋ፣ የካቲት 12 ቀን 2017

ዱንዬ፣ አሰላሙ አለይኪ። ሁለተኛው የሕክምና ዙር እንደተጀመረ ሃዎ ነገረችኝ። ማቅለሽለሹ እንዴት ነው? አሁን ብርድ ነው እንዳትይኝ።

አግኝቻለሁ። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አብዲቃድር ከሞተ በኋላ ሚስቱ፣ አክስታችን ኤዶ ሃሊሞ፣ ጅቡቲን ትታ መጋላ ሰፈር ከልጇ ጋር እንደምትኖር ታውቂያለሽ። ለኢድ ብቻ ነው የምጠይቃት፤ እሱም ከወቀሳ አላስጣለኝም። በሩን ስትከፍት፦

«ወርያ ሙስአብ! ማን ሞተ?»

«ማንም። ካሴት ፈልጌ ነው፣ ኤዶ።»

«ሱቅህ ካሴት አልቆበት ከእኔ ልትገዛ?»

«የአባን ድምፅ። አጎቴ ገልብጦ አስቀርቶ እንደሆነ።»

ፊቷ ተለወጠ። ያዘነች መስሎኝ ነበር፤ የተናደደች ናት። «አስቀርቷል እንጂ! የሠርጌ ካሴት ላይ ነው የገለበጠው። ከሐርጌሳ ድረስ ያስመጣሁት ዘፋኝ! ከበሮው ይጀምራል፣ እልል ይባላል፣ ከዚያ አባትህ ‹አሰላሙ አለይኩም አብዲቃድር› ይላል። ሠላሳ አራት ዓመት አልማርኩትም።»

የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አወጣች። ካሴቱ እንዳለችው ነው፤ ከበሮ፣ እልልታ፣ አባ። ክሩ ደህና ነው፤ ስለተናደደች ደግማ አልሰማችውም፣ አላለቀም። ማጫወቻ ይዤ ሄጄ ስለነበር እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን ሰማነው። የሚለውን ፊደል ሳልቀንስ ልጻፍልሽ፦

«ሐኪሙ አየኝና ‹ውስጥ ነው፣ አንጀትህ ላይ ነው፤ ልጆችህ ሲያድጉ ይታዩ› አለ። እነሱን ላስፈራ አልፈልግም፣ አልነገርኳቸውም። ለሰፈሩ ያው ኪንታሮት ነው።»

ከዚያ ትንፋሹ፣ ከዚያ የባቡሩ መዘግየት።

ሃሊሞ እኔን እያየች «ይሄን አታውቁም ነበር?» አለች። «አብዲቃድር ሲያወራልኝ፣ እኔ የምታውቁት መስሎኝ።»

«አልነገርሽንም፣ ኤዶ።»

«ካሴቱ እቤታችሁ እያለ አባታችሁ የተናገረውን እኔ ልድገም?»

ሻይ አቀረበች፣ ጠጣሁ። ስወጣ «ዘፋኙን ከሥሩ ማውጣት ትችላለህ?» አለችኝ። አይቻልም አልኳት። በላዩ ከተቀዳበት ሄዷል። «አንተ ምን ዓይነት ጠጋኝ ነህ?» አለች።

ከሁለት አንድ ነው እንግዲህ።

ለሃዎ ደሙንም ቅባቱንም ነገርኳት። ስልኳን አንስታ ሐረር ደወለች። ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው። ዛሬ ሄጄ እህቷ ቤት አድራለሁ። አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት እዚያ ደርሼ ነው የምጠጣው፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ በዚያ ሆድ አልወጣም ብዬ ለሐኪሙ ስነግረው ሳቀ። ደምም ይወስዳሉ፤ ያንቺ ሐኪም በጻፈችው ስም ኢንዛይሙን የሚያይ ቦታ ይልኩታል አሉ።

የሃሊሞን ካሴት ገልብጬ ለራሷ መለስኩ። ስምንቷን ሰኮንድ ግን በአዲስ ክር ቀዳኋት፤ ሁለት ስንዝር። የድሮውን ስኮች አንስቼ የአባ ካሴት ውስጥ ቦታዋ እየመለስኳት ነው። ይሄን የምጽፍልሽ አንደኛውን ጫፍ አጣብቄ እስኪይዝ ነው። ሁለተኛው ጫፍ መቀስ ተጭኖበት ጠረጴዛው ላይ ነው። ስድስቱን ቅጂዎች ደግሞ ከየቤቱ መሰብሰብ አለብኝ፤ ሁለቱ ከዚራ ሰፈር ናቸው፣ አንዱ የት እንዳለ አላውቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁለት ኢንዛይሞች በአንድ ክር ላይ ከዚህና ከዚያ ሲመጡ መሃል ላይ ቢገናኙ ማን ለማን ያሳልፋል? ወይስ አንዱ ዘሎ ያልፋል? ሐኪምሽን ጠይቂያት።

ባጃጁ መጥቷል። ሃዎ ከውስጡ ሆና ስሜን ትጠራለች፤ ታይዋን ሁሉ ይሰማል። ዴቃ «ሂድ አቦ፣ ሱቁን እኔ እዘጋዋለሁ፣ ክርህንም አልነካብህም» እያለች ነው። ሁለተኛው ጫፍ አልተያያዘም፤ ይቆይ።

መጣሁ።